የላላው እጀታ

እጀታው የላላብኝ በኅዳር ወር፣ እሁድ ጠዋት፣ በተኩስ ክለባችን ውድድር ላይ፣ አሥራ ሁለተኛውን ጥይት ልተኩስ የአየር ሽጉጤን ባነሣሁበት ሰዓት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጨብጠው የኖርኩትን እንጨት እንደ ገዛ አጥንቴ አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አየር ገባ። ብዙ አይደለም፤ አንድ የካርቶን ቁራጭ የሚያስገባ ክፍተት ቢሆን ነው። ኢላማው አሥር ሜትር ላይ ነው፤ አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ደግሞ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ያቺ የካርቶን ቁራጭ የምታህል ክፍተት ስድስት አስመታችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን "እንጨቱ አልቋል" ብሎ አዲስ ይገዛል። አፌም ያለው ያንኑ ነው። ሆዴ ግን ወዲያው አወቀ።

አባቴ ኦትማር የዚሁ የመንደራችን ክለብ ተኳሽ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት ሲሞላው እጀታው ላላበት። ክፍተቱን በእንጨት ስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገውና ተኮሰ። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ላላ፤ እንደገና ሞላው። ሁለት ክረምት ሙሉ እንጨቱን ሲያክም ከረመ። እንጨቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ እየከሳ የነበረው እጁ ነው። ከእጁ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ እግሩ፣ በመጨረሻ ወደ ትንፋሹ ሄደ። በሃምሳ አንድ ዓመቱ ቀበርነው። አባቱም፣ ወፍጮ ቤት የነበረው አያታችን፣ እንዲያው ነው የሞተው።

ያኔ የባምበርግ ከተማ ሐኪም እናታችንን አስቀምጦ "ለእያንዳንዱ ልጅሽ ለየብቻው ሳንቲም እንደተወረወረ ቁጠሪው፤ የአንዱ መዳን ሌላውን አያስይዘውም፣ የአንዱ መያዝም ሌላውን አያድነውም" አላት። ልጆቿ ሁለት ነን፤ እኔ ዚግሩንና ታናሽ ወንድሜ ፎልከር። በኋላ የደም ምርመራ መጣ። ፎልከር "ዕጣው ከወጣ ወጥቷል፤ ወረቀቱን ማየት ምን ይፈይዳል?" አለ፤ እኔም ተስማማሁ። ብልህነት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አርባ ሰባት ዓመት ሞላኝ።

ከውድድሩ በኋላ በክለቡ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ቋሊማና የድንች ሰላጣ ስንበላ፣ ፎልከር የዚያን ቀን ስድስቴን ቁርስ ምሳው አደረገው።

"ስድስት! እህቴ፣ ከየት አመጣሻት? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቁጥር አላደገም እኮ።"

"ያንተን ሰባቶች እያየሁ ተማርኩ" አልኩት። እሱም በዚያ ወር ነጥቡ እያሽቆለቆለ ነበር።

"እኔማ ስለ ሸመገልኩ ነው፤ አንቺ ገና ልጅ ነሽ" አለና ሁሉም ሳቀ። ከኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። ከዚያ የቢራ ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። የእኛ አገር ጠርሙስ ክዳኑ በሽቦ ተይዞ በአውራ ጣት ተገፍቶ ነው የሚከፈተው። "በይ ክፈቺልኝ፤ ቢያንስ ለዚህ እንኳ ትረቢ እንደሆነ።"

ቀኝ እጄ እንዳይታይብኝ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አስደግፌ በግራዬ ከፈትኩለት። ስለ ራሴ እጅ እንጂ ስለ ሌላ ሰው እጅ የማስብበት ቀን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ያደረገውን ሁሉ አደረግኩ። አንድ ቆርቆሮ ስቱኮ ገዝቼ ወጥ ቤቴ ውስጥ ክፍተቱን ሞላሁ። ከእጀታው ሥር እንደ ትንሽ መደርደሪያ የወጣች የመዳፍ ማሳረፊያ አለች፤ ብሎኗን አላልተው ወደ ላይ ሲገፏት የመዳፍን ጎን ከታች ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። እሷንም ገፋኋት። ለሁለት ሳምንት ተመቸኝ፤ ከዚያ እንደገና ላላ። እንደገና ሞላሁ፣ እንደገና ገፋሁ። ይህ አልበቃ ሲለኝ አዲስ እጀታዎች አዘዝኩ። መጀመሪያ የመጣው መካከለኛ ልክ፣ የዋልነት እንጨት፣ የሚያምር ነበር፤ እጄን ሳስገባበት እንደ ሰው ጫማ ሆነብኝ። ሁለተኛው በቀጫጭን ባለ ቀለም እንጨቶች የተነባበረ ነው፤ ጀርባው ከእጄ ጀርባ ጋር አልገናኝ አለ። ሦስተኛው የመጨረሻው ትንሹ ልክ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች የሚይዙትን እጀታ ለራሴ አዘዝኩ። ትንሹ ደግሞ ቀለበት ጣቴን ጨመቀኝ፤ ከላይ ግን አሁንም አየር ያስገባል።

ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት መብራት ሥር እጄን አያለሁ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ ድሮ ወፈር ብሎ የሚነሣው ሥጋ ተኝቷል። በጥር ወር ጉድጓድ ሆነ። ሰው ስጨብጥ በግራዬ መጨበጥ ጀመርኩ። ጎረቤቴ "ቀኝሽን ምን ነካው?" ብትለኝ "ውሻ ነከሰኝ" አልኳት፤ ውሻ ያላት እሷ ስለሆነች ተቀይማኝ ሄደች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ። አባቴ በመጨረሻው ዓመት ማንኪያ ወደ አፉ ለማድረስ ሲታገል አይኔ ላይ ይመጣል፤ እኔ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ማንኪያውን እቀበለውና ይሰድበኝ ነበር። ማን ይሆን የኔን ማንኪያ የሚቀበለው እያልኩ አስባለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ሆነብኝ። ለፎልከር ግን አልነገርኩትም። እኔን ባየ ቁጥር የራሱን ዕጣ እንዲያስብ አልፈለግኩም።

በመጨረሻ እግሬ ወደ ቪንፍሪድ ወሰደኝ። ቪንፍሪድ የሰባ ዘጠኝ ዓመት አናጢ ነው፤ በአካባቢያችን ያለ ተኳሽ ሁሉ እጀታውን ለእጁ የሚያስተካክለው እሱ ዘንድ ነው። በክለባችን ሁላችንም አንተ አንቺ እንባባላለን። እሱ ግን የአባቴ ጓደኛ ስለሆነና የመጀመሪያ እጀታዬን በአሥራ ሁለት ዓመቴ የቀረጸልኝ እሱ ስለሆነ፣ አንተ ማለት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን እጀታዎች በከረጢት፣ ሽጉጤን በሳጥኑ ይዤ፣ ጓንቴን እንዳጠለቅኩ ገባሁ። ውሸቴን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

"በሩን ዝጊው፤ ምድጃ የማነደው ለመንገዱ አይደለም" አለኝ። ከረጢቱን ስዘረግፈው አይቶ ደግሞ "ሦስት እጀታ! ስንት እጅ ነው ያለሽ?" አለ።

"ሁለት ናቸው። አንደኛው ግን ያማርጣል። ይቺን ትንሿን በቀለበት ጣት በኩል ሞረድ ያድርጉልኝ፤ ሌላው ልክ ነው።"

ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እርሳሱን አነሣ። ልማዱ ነው። ሞረዱን እንጨት ላይ ከማሳረፉ በፊት እጅን ወረቀት ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን ይሥላል፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ ሥር ያለውን ውፍረት በብረት መለኪያ ለክቶ ከጎኑ ይጽፋል፤ ቀኑንም ያሰፍራል። ወረቀቶቹን አይጥልም። የግማሹ አገር እጅ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል።

"የድሮው ልኬ አለ አይደል? በዚያው ይሥሩት" አልኩት።

"ድሮ ድሮ ነው። ጓንትሽን አውልቂ።"

"በረደኝ።"

"ከምድጃው ሥር ቆመሽ?"

ቁጣዬ ገነፈለ። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። "እጀታ እንጂ ፓስፖርት አልጠየቅኩዎትም! አንድ ሚሊ ሜትር እንጨት ለመፋቅ ይሄን ያህል ሥርዓት ምንድን ነው? ካልሆነልዎ ሌላ ሰው ዘንድ እሄዳለሁ።"

ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መሳቢያ ሦስት ወረቀቶች አመጣና ፊቴ ደረደራቸው። ሦስቱም የአንድ ሰው እጅ ናቸው። ጣቶቹን ገና ሳያቸው አወቅኳቸው። ከላይ "ኦትማር" ይላል። ከመጀመሪያው ወረቀት ጎን ሠላሳ አራት ሚሊ ሜትር ተጽፏል፤ ከሁለተኛው ሠላሳ፤ ከሦስተኛው ሃያ አምስት።

"እኔ ለክቻለሁ" አለ ቪንፍሪድ። "ቁጥሩን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አባትሽ 'እንጨቱ ነው፤ ስቱኮ ሙላልኝ' አለኝ፤ እኔም ሞላሁለት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ እንጨቱ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ጓደኛዬን አስከፋዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አብሮ የደበቀስ? ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ ይሄን መሳቢያ በከፈትኩ ቁጥር ሳፍር። አንቺን ግን አልሞላልሽም። ልትሰድቢኝ ትችያለሽ፤ ስቱኮ ግን ከኔ እጅ አታገኚም።"

እምባዬ መጣ። ጓንቱን አወለቅኩና እጄን ወረቀቱ ላይ አስተኛሁ። እርሳሱ በጣቶቼ መካከል ሲሄድ ይኮረኩራል፤ በልጅነቴ እስቅ ነበር። የብረት መለኪያውን አውራ ጣቴ ሥር ሲያስገባው አይኔን ጨፈንኩ። ከአራት ዓመት በፊት ሲለካው ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር ነበር።

"ሃያ ስድስት" አለ ቀስ ብሎ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሞቱን በሚሊ ሜትር ሲነገረው ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ "ውሃ ይስጡኝ" ነው ያልኩት። ቪንፍሪድ ውሃውን ሰጠኝና ሥራውን ቀጠለ። ሥራ ካልያዘ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ከሟች ሚስቱ የተረፈ የከንፈር ቀለም አለው፤ እንጨቱ የት የት እጅን እንደሚነካ ለማየት ይጠቀምበታል። መዳፌን በሙሉ በቀዩ ቀባና ዕለት ዕለት የምተኩስበትን አሮጌውን እጀታ ከሽጉጡ ፈትቶ አስጨበጠኝ።

"እንደምትተኩሺው ያዢ። ቁጠሪ፤ አሥር ድረስ። በቃ፣ ልቀቂ።"

እጀታውን መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው። ቀለሙ በሁሉም ቦታ በስሱ ነው የነካው። የመዳፍ ማሳረፊያዋ ጫፍ ላይ ግን ቀለሙ ከነጭራሹ ተጨፍልቆ ጠፍቷል። ከዚያ እጄን ገለበጠ። ከትንሿ ጣቴ በታች፣ መዳፌ ሥር፣ የእንጨቱ ጠርዝ እንደ ካራ ገብቶ ነጭ መስመር ትቷል።

"ይቺን ማን ነው እዚህ ድረስ የገፋት?" አለ በቁጣ። በሕይወቴ ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "አንድ ጣት ሙሉ ወደ ላይ ወጥታለች! መቼ ነው የጀመርሽው?"

"በሚያዝያ።"

"እጀታው የላላውስ?"

"በኅዳር።"

"ታዲያ ሳይላላ ምን ብለሽ አጠበቅሽው?"

መልሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩት ያኔ ነው። አርባ ሰባተኛ ልደቴ ማግስት ልምምድ ገብቼ፣ ማንም ሳያየኝ ብሎኗን ፈትቼ ማሳረፊያዋን ገፋኋት። እንዳይላላብኝ ነበር። የአባቴ ዕድሜ ሲደርስብኝ ቀድሜ ልያዘው ብዬ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን መቶ ሃምሳ ጥይት እየተኮስኩ።

ቪንፍሪድ ትንሿን ጣቴን ጫን አደረጋት። "ትንሿ ጣትሽ ትደነዝዛለች?"

"ከመስከረም ጀምሮ። ጠዋት ጠዋት የሰው ጣት ትመስለኛለች።"

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። "ስሚኝ። እኔ አናጢ ነኝ፤ ከዚህ በላይ አላውቅም። ግን አባትሽን በሽታው ከታወቀ በኋላ ይሄንኑ ጠይቄው ነበር። አንዲት ጣት አልደነዘዘችውም። መርፌ ሲወጋው ያመዋል፣ ብርዱን ሙቀቱን ይለያል፤ እጁ እየከሳ ሁሉን ነገር ይሰማው ነበር። ሐኪሞቹም የዚያ በሽታ ጠባይ ይሄ ነው ብለው ለእናትሽ ሲነግሯት እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ሰኞ ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ። እጀታውንም ይዘሽ ሂጂ፤ ቀለሙን እንዳትጠርጊው።"

ከዚያ ቅዳሜ እስከ ቀጠሮዬ ድረስ ያሉትን አሥራ አንድ ቀናት ለጠላቴ አልመኛቸውም። ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ ተስፋ ማድረግ ነው የሚያስፈራው፤ ሊቀሙሽ የሚችሉት ነገር ይኖርሻል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀይ ቀለም የተለቀለቀውን እጀታ ከከረጢት ሳወጣ የተጎዳሁ መስሏት ደንግጣ ነበር። መርፌ በእጄ፣ በክንዴ፣ በእግሬ፣ አልፎ ተርፎም በምላሴ አስገብታ አየች። ኤሌክትሪክ ለቀቀችብኝ። ከዚያ እጀታውን ራሷ ጨበጠችና ማሳረፊያዋን በጣቷ ነካች።

"ጥፋተኛዋ ይቺ እንጨት ናት" አለችኝ። "መዳፍሽ ሥር የሚያልፈውን ነርቭ ጨፍልቃዋለች። ሥጋውን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ለዚህ ነው የከሳው። ክንድሽም እግርሽም ምላስሽም ጤነኛ ናቸው። የአባትሽ በሽታ አይደለም። ስድስት ወር ሽጉጥ አትንኪ፤ ቀስ እያለ ይመለሳል።"

መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ መሪው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሽታዬን ያበላሁት፣ ያጠጣሁት፣ ያሳደግኩት ራሴ ነኝ። ቢሆንም ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማግስቱ ቪንፍሪድ ጋ ስሄድ ፎልከርንም ጠርቼው መጣ። የሰፈራችንን ዳቦ ቤት ማርመላታ ያለው የተጠበሰ ዳቦ አንድ ካርቶን ይዣለሁ፤ ቪንፍሪድ አዲሱን እጀታዬን መሞረድ ጀምሯል፤ ማሳረፊያዋን የመጨረሻው ዝቅታ ላይ አድርጎ ብሎኗን በሙጫ አሽጓታል። ለፎልከር ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት። ስቱኮውን፣ ጓንቱን፣ የውሻውን ውሸት፣ ቀይ ቀለሙን። ሲሰማ ፊቱ ነጣ፤ ስጨርስ አቀፈኝና እስኪያሳፍረኝ ድረስ ሳይለቀኝ ቆየ። ትከሻዬ ላይ ሲያለቅስ ተሰማኝ።

"አንቺ ጅል!" አለኝ እየሳቀ፣ አይኑን በግራ እጁ ጀርባ እየጠረገ። "አራት ወር ሙሉ ብቻሽን? ምናለ ብትነግሪኝ? እኔም እኮ ያንኑ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። አሁን በቃ፣ እፎይ! የኔም እንዳንቺው ነው ማለት ነው።"

"የትኛው ያንተ?" አልኩት።

"እጀታዬ ነዋ። ከመስከረም ጀምሮ ልቅቅ ብሏል። ሁለት ቆርቆሮ ስቱኮ ጨረስኩ። ያንቺ ከተረፈሽ ስጪኝ፤ አሁን ምን ያደርግልሻል?"

የቪንፍሪድ ሞረድ ቆመ።

የወንድሜን ሽጉጥ አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው የምንጠርገው። የሱ የመዳፍ ማሳረፊያ ከተገዛ ጀምሮ ታች ነው ያለችው፤ ብሎኗ ዝጎ አይፈታም። በአውራ ጣቱ መግፋት ያቃተው የቢራ ጠርሙስ ትዝ አለኝ። በግራ እጄ ከፍቼለት ነበር።

"ፎልከር" አልኩት፤ "ትንሿ ጣትህ ትደነዝዛለች?"

ቀኝ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ጣቶቹን አወናጨፋቸው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ጥላ አረፈ።

"ኧረ በፍጹም!" አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ፈገግ አለ። "አንቺን ያህልማ አልተጎዳሁም። ሁሉም ነገር ይሰማኛል።"

ቪንፍሪድ ከወንበሩ ተነሣ፤ ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እኔ የወንድሜን እጅ ይዤ ወረቀቱ ላይ አስተኛሁለት።